በቃል ያለ ይረሳል፦ ስለ ብዝኃ ሕይወት መረጃ አያያዝና ልውውጥ

የፊዚክስ መምህር ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ይጽፍ ዘንድ ምን አግብቶት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ብቻ አይደለም፤ ስለ መለካት፣ የተለካውን በወግ ስለ መመዝገብና የተመዘገበውን ለሌላው ስለ ማካፈል ነው። ይህን ደግሞ የፊዚክስ ሰው ከመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ትምህርቱ ጀምሮ ሲማረው ይኖራል።

በካዛንቺስ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። የሰፈሩ ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች የመጣ ነው። ቤቶቹን ያሠራው መሥሪያ ቤት በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበርና «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በሕዝቡ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በእኛ ግቢ አንድ ያረጀ ወይራና ሁለት ጥዶች ነበሩ። የቤቱ ባለቤት የነበሩት እናት ወይራውን የተከሉት አባታቸው መሆናቸውን ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ዓመቱን ግን አያስታውሱትም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የካዛንቺስ ነባር መንደር አብዛኛው ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ግቢውም አብሮ ተነሣ። መንደሩ መነሣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ የሚቀድም ነው፦ ከመነሣቱ በፊት በዚያ ምን ምን እንደ ነበረ የሚነግረን ማን ነው?

ጥያቄውን በቅድሚያ ያነሣው እኔ ሳልሆን አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዬ ነው። ለመመረቂያ ሥራው የመረጠው ርእስ የዛፎች መኖር የአንድን ሰፈር የአየር ሙቀት በምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዛፍ የሚያቀዘቅዘው በጥላው ብቻ አይደለም፤ አንድ ሊትር ውኃ በቅጠል በኩል በሚተንበት ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። ስሌቱን ለመሥራት ግን ተማሪው ቀድሞ በሰፈሩ የነበሩትን ዛፎች ዓይነት፣ ብዛት፣ ቁመትና ቦታ ማወቅ ነበረበት። አብሬው ፈለግሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ቆጠራ ተደርጎ እንደ ነበር ተነገረን፤ ፋይሉ ግን ወደ ሌላ ቦታ በተዛወረ ሠራተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ተባለ። በሌላው ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ ደብዳቤውን ብንወስድም መልስ አላገኘንም። በሦስተኛው አንድ ወረቀት ተሰጠን፤ በላዩ ላይ «ዛፍ፣ ብዛት 14» የሚል ብቻ ተጽፎአል። የምን ዛፍ? የት? መቼ ተቆጠረ? ማን ቆጠረው? ተማሪው በመጨረሻ ርእሱን ለወጠ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ በጽሑፍ ያለውም ቢሆን ከመሳቢያ ካልወጣ አይወረስም።

ዜሮና ያልተለካ አንድ አይደሉም

በፊዚክስ አንድ መሣሪያ ዜሮ ሲያነብና መሣሪያው ጨርሶ ሳይበራ ሲቀር ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው እውቀት ነው፤ ሁለተኛው አለማወቅ ነው። በብዝኃ ሕይወት ካርታ ላይ ግን ሁለቱ ተመሳስለው ይታያሉ። አንድ ወረዳ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ሲታይ ዕፀ ሕይወት የሌለበት ሊመስለን ይችላል፤ እውነቱ ግን መንገድ ስለሌለው አጥኚ ያልደረሰበት መሆኑ ሊሆን ይችላል። ጥበቃ የሚያስፈልገውን ቦታ የሚመርጥ ባለሥልጣን እነዚህን ሁለቱን ከቀላቀለ ውሳኔው ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በ1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ የሞተች አንዲት የሌሊት ወፍራሪ ወፍ አገኙ። ከአካሏ ሊያተርፉ የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከማናቸውም ከሚታወቁ ዝርያዎች ጋር ባለመመሳሰሉ በ1995 እ.ኤ.አ. በአዲስ ዝርያነት ተመዘገበ፤ የተሰጠው የላቲን ስምም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም ያዘለ ነው። ክንፉ ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ስለ አንድ የአገራችን ዝርያ ያለን እጅግ አስተማማኝ ማስረጃ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ እርሱም ያለው በባሕር ማዶ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ መስመር ማስመር እንደማይቻል ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ።

ይህን ስል አገራችን ባዶ እጇን ናት ማለቴ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው የዕፀዋት ጄኔቲክ ሀብት ማእከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኖ ከ60,000 በላይ የዘር ናሙናዎችን ጠብቆ ይገኛል። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአርሶ አደሩን ዘር ከነአርሶ አደሩ እውቀት ጋር በመጠበቅ ሥራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ቅጽ፣ በአሥር መጻሕፍት ፈጽሞታል። ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዝርያዎች በዚያ ተገልጸዋል፤ ከእነርሱም ከመቶ 10 ያህሉ ከዚህ ምድር በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 እ.ኤ.አ. ለአዕዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳትሟል። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ስንፈልግ ነው።

አሃድ የሌለው ቁጥር

በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ወደ ማርስ የተላከች አንዲት የአሜሪካ መንኮራኩር እንደ ደረሰች ጠፋች። ምክንያቱ የሞተር ብልሽት አልነበረም። አንዱ የሥራ ቡድን የግፊቱን መጠን በፓውንድ-ሰከንድ ሲያሰላ፣ ሌላው ቁጥሩን በኒውተን-ሰከንድ የቀረበ አድርጎ ወሰደው። ሁለቱም በየበኩላቸው በትክክል አስልተዋል፤ የጠፋው በመካከላቸው ያለው መግባባት ነው።

በብዝኃ ሕይወት መረጃ ረገድ የኛ «ፓውንድና ኒውተን» ብዙ ናቸው። «ጥድ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በአንዱ መዝገብ ጥድ ማለት የአገራችን ነባር ዛፍ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከውጭ የገባው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሁለቱን መዝገቦች ደምሮ «ይህን ያህል ጥድ አለን» የሚል ዘገባ ቢወጣ የነባሩ ዛፍ መመናመን በፈረንጁ መብዛት ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ የአካባቢው ስም፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነገረ፣ ሳይንሳዊውም ስም አብረው መጻፍ አለባቸው። የአካባቢው ስም ይጣል አልልም፤ እውቀቱ ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና።

ቦታም እንዲሁ ነው። «አዲስ አበባ አጠገብ» የሚል መግለጫ ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ ለጥበቃ ግን አይበቃም። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የጻፈ ሰው ቦታውን በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት አኃዝ የጻፈ ደግሞ በ11 ሜትር ገደማ ለይቶአል ማለት ነው። ነገር ግን አኃዝ ማብዛቱ ብቻውን አያድንም። የአገራችን ነባር ካርታዎች የተመሠረቱት አድንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ላይ ሲሆን፣ የእጅ ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ግን ዓለም አቀፉን የሳተላይት መነሻ ነው። መነሻው ሳይጠቀስ የአንዱ ቁጥር በሌላው ላይ ቢነበብ ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። በቆላ በረሃ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል፤ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግን 200 ሜትር ማለት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ ሁለት ሦስት መንገድ ተሻግሮ መገኘት ነው። በቅጥሩ ውስጥ በክብር የሚጠበቀው ዛፍ በመዝገቡ ላይ በግንባታ ቦታ መካከል ቆሞ ይገኛል።

ስጋቱ እውነተኛ ነው

መረጃ ይካፈል በተባለ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም «እንደ ጤፉ ብንዘረፍስ?» የሚል ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የአገራችን ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ፈረሙ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 እ.ኤ.አ. ከሠረ፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውስጥ የተሻረው ሁለት የዚያው አገር ኩባንያዎች በሄግ ፍርድ ቤት ተካሰው፣ ፍርድ ቤቱ ሥራው በቂ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ስለ ወሰነ ነው፤ ውሳኔውም በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተሰማ።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት «ደብቀን እንያዝ» የሚል ነው። እኔ የምወስደው ትምህርት ተቃራኒውን ነው። ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ነገር ነው። አንድ ጥበብ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ በጽሑፍ ከታየ መርማሪው ማመልከቻውን ውድቅ የሚያደርግበት መሠረት ያገኛል። ሕንዶች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እርድ ለቁስል ማዳኛነት ፓተንት ሲሰጥበት፣ የሕንድ ሳይንቲስቶች ጥንታዊ ጽሑፎቻቸውን በማስረጃነት አቅርበው በ1997 እ.ኤ.አ. አሰረዙት። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ባህላዊ እውቀታቸውን በአንድ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አሰባስበው ለፓተንት መርማሪዎች እንዲደርስ አደረጉ። ያዳናቸው መደበቃቸው ሳይሆን መመዝገባቸው ነው። በእናቶቻችን እጅ ብቻ ያለውን የእርሾና የቡኮ ጥበብ የሄግ ዳኛ ሊያነበው አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም መረጃ ለሁሉም ክፍት ይሁን አልልም። የዋልያን መዋያ ወይም በጣም የተመናመነ የመድኃኒት ተክል የበቀለበትን ቦታ በሜትር ለይቶ ማሳየት ለአዳኝና ለነጋዴ ካርታ መስጠት ነው። ለዚህ ግን መፍትሔው ጨርሶ መዝጋት አይደለም። ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ በማስቀረት ቦታውን በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ማደብዘዝ ይቻላል፤ ዝርያው በዚያ አካባቢ መኖሩን ዓለም ያውቃል፣ ጎጆውን ግን አያገኘውም። የማኅበረሰብ እውቀትን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድና ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል ደንግጓል። ሕጉ አለ፤ ሕጉን የሚያስከብረው ግን ምን ከማን እንደ ተወሰደ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኸኛው ከራሳችን ከምሁራኑ የሚመጣ ነው። «የደከምሁበትን ሌላው ቀድሞ ያሳትምበታል» እንላለን። ስጋቱን እጋራለሁ፤ እኔም ውጭ አገር ለዶክትሬት ስሠራ ማስታወሻዬን በክንዴ ከልዬ የያዝሁበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን የሙያ ጓደኞቼ ታሪክ አስተምሮኛል። ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት ድረ ገጽ በ1989 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማእከል የታሰበው፣ በየአገሩ ያሉ ሳይንቲስቶች መረጃ የሚለዋወጡበት መንገድ ስላጡ ነው። ማእከሉ በ1993 እ.ኤ.አ. ለዓለም በነጻ ሰጠው። ፊዚክስ በዚህ አልተጎዳም። የሚያስፈልገው ደንብ ነው፦ ሰብሳቢው በስሙ ይጠቀስ፤ የተወሰነ የቅድሚያ ጊዜም ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ መረጃው ወደ ጋራ ቋት ይግባ።

ቆርኬ ፓስፖርት የለውም

ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ፣ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በ1963 እ.ኤ.አ. የተፈረመው በዚያ ነው። በዚያ አካባቢ ሳልፍ ብዙ ጊዜ የማስበው መንግሥታት ስለ ድንበራቸው ሲነጋገሩ እንስሳቱ ድንበሩን ሳይጠይቁ እንደሚሻገሩት ነው። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ለዚህ ምስክር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን በኩል ከአየር በተደረገ ቆጠራ 5 ሚሊዮን ያህል ነጭ ጆሮ ቆርኬ እንዳለ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ተደርጓል። አንዱ አገር በበጋ፣ ሌላው በክረምት ለየብቻው ቢቆጥር ያንኑ መንጋ ሁለት ጊዜ ሊቆጥር ወይም ጨርሶ ሊያጣው ይችላል።

በጎረቤቶች መካከል የሚደረግ ልውውጥ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ያስተምረናል። በሕንድ አገር አንድ ዓይነት ጥንብ አንሳ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 99 በላይ ተመናመነ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ቀድሞ የቆጠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ምክንያቱ የተገኘው ግን በፓኪስታን ነው፦ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ጥንቡን የበሉትን ወፎች ኩላሊት ይገድል ነበር። ግኝቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይመረት ከለከሉ። ከአንዱ አገር ቆጠራ፣ ከሌላው ምክንያት፣ ከሦስቱም እርምጃ ተገኘ። በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ ራሱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እኛ የምናየው ስለ በዛብን የተትረፈረፈ ይመስለናል።

የሚያስደንቀው፣ መረጃ መለዋወጥ ለምሥራቅ አፍሪካ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። የበረሃ አንበጣ በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. በወረረን ጊዜ ከየአገሩ የሚላከው የአሰሳ ዘገባ ሮም በሚገኘው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ማእከል ይጠናቀር፣ ትንበያውም ወደ የአገሩ ይመለስ ነበር። የሚጎዳንን ለመከላከል መተባበር ከቻልን የሚጠቅመንን ለመጠበቅ የማንተባበርበት ምክንያት አይታየኝም።

መካፈል ከጥፋትም ያድናል። በ19ኛው መቶ ዘመን በአድዋ አካባቢ ለአርባ ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር የሰበሰባቸው የዕፀዋት ናሙናዎች በልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች ተከፋፍለው ይገኙ ነበር። የበርሊን ሄርባሪየም አብዛኛው ሀብት በ1943 እ.ኤ.አ. በቦምብ ሲቃጠል የሰውየው ድካም ጨርሶ ያልጠፋው ቅጂው በሌላ ስፍራ ስለ ነበረ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለ ፋይል ግን አንድ የቡና ስኒ ሲደፋበት ያልቃል።

ምን ይደረግ?

የእኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን ጨምሮ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ብሔራዊ ቋት መግባት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሰፈር ለግንባታ ከመነሣቱ በፊት የዛፉና የወፉ ዝርዝር ከነቦታው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይቀመጥ፤ ይህ ግንባታውን አያዘገይም፣ ለአዲሱ ሰፈር ምን መተከል እንዳለበት ግን ይናገራል። ሦስተኛ፣ ክፍት፣ የተደበዘዘና በፈቃድ ብቻ የሚታይ ተብሎ መረጃው በደረጃ ይለይ። አራተኛ፣ ቋት ማለት ኮምፒውተር ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ፤ የሚያርመው፣ የሚጠብቀውና ለጠያቂ የሚመልሰው በሙያው የሠለጠነና ተገቢ ደመወዝ ያለው ሰው ያስፈልገዋል። መሣሪያ በእርዳታ ሊመጣ ይችላል፤ ትጋት ግን በእርዳታ አይመጣም።

ገንዘብ የለንም የሚል ይኖራል። እናንተ ተማሪዎች ግን ዛሬውኑ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን መንገድ ምረጡ። በመንገዱ ላይ ለምታገኙት ለእያንዳንዱ ዛፍ አምስት ነገር ጻፉ፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ መቼ እንዳያችሁት፣ ማን እንዳየው፣ በምን እንደ ለያችሁት። ካላወቃችሁት «አላወቅሁም» ብላችሁ ጻፉና ፎቶግራፍ አንሡ፤ እርግጠኛ አለመሆንን መመዝገብ ራሱ ሳይንስ ነው። የእጅ ስልክ ያለው አይናቹራሊስት ወይም ለወፎች ኢበርድ በተባሉት የነጻ መመዝገቢያዎች ሊጠቀም ይችላል። የተረጋገጠ ምዝገባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደሚሠራውና ከ2 ቢሊዮን በላይ መዝገቦች ወዳሉት ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይደርሳል። ስልክ የሌለው ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ደብተሩን ግን ለመምህራችሁ አስረክቡ፤ በየቤታችሁ እንዳይቀር።

ተማሪዬ በሌላ ርእስ ተመርቆ ወጥቷል። የእኛ ግቢ ወይራ ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ ቁመቱ ስንት እንደ ነበረ፣ በጥላው ሥር ያለው አየር ከመንገዱ በስንት ዲግሪ ይቀዘቅዝ እንደ ነበር ማንም ሊነግረን አይችልም። ቴርሞሜትር በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዛፉ ሥር ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ አልለካሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳይመስላችሁ።